ዘይት የጠጣው ፊልትሮ

ዝናቡ ድንገት ባይጥል ኖሮ የመካኒኩ የእህት ልጅ ወደ ጋራዡ ባልገባች ነበር። የመካኒክነት ትምህርቷን ጨርሳ በመለኪያ መሣሪያ ልታግዘው በመጣች ጊዜ «ጆሮ እያለኝ መሣሪያ ምን ይሠራልኛል» ብሎ አሳፍሮ ከመለሳት ወዲህ ተኳርፈው ነበር። ሰፈርተኛው አጎቷን «ባለጆሮው» ይለዋል፤ በመንገድ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ነበር። ነበር ማለት ይሻላል። ጆሮው ከከዳው ሰንብቷል፤ ይህን ግን ከራሱ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለውም።

ከበሩ ጠራችው፤ አልዞረም። ቀረብ ብላ ደግማ ጠራችው፤ አልዞረም። ትከሻውን ስትነካው ደንግጦ ዞረና «ሥራ ይዞኝ ነው» አለ።

ኮፈኗ ተከፍቶ የቆመችው አሮጌ መኪና የጡረተኛው መምህር ናት። መምህሩ ባለቤታቸውን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የሚያመላልሱት በእሷ ነው። ባለፈው ጊዜ ዳገት ላይ ሞተሯ ጠፍቶባቸው በሽተኛዋ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲንቀጠቀጡ አምሽተዋል። ነገ ጠዋት ደግሞ ተራቸው ነው። ባለጆሮው ካንዴላውን ቀየረ፣ የነዳጅ ፓምፑን ቀየረ፤ አልሆነም። አሁን «ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ፈርዶ ቁልፎቹን ደርድሯል። የወረደ ሞተር ለነገ እንደማይደርስ መምህሩም ያውቃሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

ልጅቱ ነገሩን ከመምህሩ ሰምታ ወደ አጎቷ ተመለሰች።

«አጎቴ፣ ሳይለኩ ሞተር አያውርዱ» አለች ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ጮክ ብላ።

«ምኑን ነው የምለካው? ቤንዚን ስሰጣት ትታነቃለች። እኔ ሞተር ስፈታ አንቺ አልተወለድሽም።»

«እውነት ነው። ያኔ መኪናው ሁሉ ባለ ካርቡራቶር ነበር። ይቺ ግን የገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አላት፤ ነዳጅ የሚታዘዘው እሱ በተናገረው ልክ ነው። ብዙ አየር ገብቶ ሳለ ትንሽ ነው ካለ ነዳጁ ያንሳል፣ ዳገት ላይ አቅም ያጥራታል። ሞተሩ ምንም ሳይሆን ማለት ነው።»

«ቢበላሽ ኖሮ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራ ነበር።»

«ሽቦው ቢበጠስ ምናልባት ይበራል። ውሸታም ምስክር ግን እስኪመረመር ድረስ ያው ምስክር ነው።»

መምህሩ ቀና አሉ። ባለጆሮው ሳቅ ሊል ሞክሮ ተወው። የለመዱትን መተው ከባድ ነው፤ በልማዱ ስም ለወጣለት ሰው ደግሞ ይብሳል። ያም ሆኖ መምህሩ «እስቲ ልጅቱ ትሞክር» ባሉ ጊዜ ቁልፎቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት።

በመጀመሪያ የአየር ቱቦውን ጎንበስ ብላ ዳበሰች፤ በሴንሰሩና በሞተሩ መካከል ስንጥቅ ቢኖር ሳይለካ የሚገባው አየር ያንኑ በሽታ ያመጣል አለች። ስንጥቅ የለም። ቀጥላ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለችና መምህሩ ሞተሩን አስነስተው ቤንዚን እንዲሰጡ ነገረቻቸው። መኪናዋ አልታነቀችም። ምስክሩን ስታጣ በግምት መሥራት ጀምራለች፤ ግምቱ ከምስክሩ ተሻለ። ሶኬቱን መልሳ ከቦርሳዋ ባወጣችው የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ በቴስተር፣ ስትለካም ሞተሩ ሲጮህ ቁጥሩ በወጉ አልጨመረም።

ሴንሰሩን ፈትታ አወጣችው። ውስጡ ያለው ፀጉር የሚያክል ሽቦ ቡናማ ነገር ለብሷል። ባለጆሮው በጨርቅ ሊጠርገው እጁን ሰደደ፤ ይበጠሳል ብላ ያዘችው። ከዚያ የአየር ፊልትሮውን አወጣችና አሸተተችው።

«ይህንን የወረቀት ፊልትሮ ዘይት ማን ቀባው?»

የመለሱት መምህሩ ናቸው። «እሱ ነው፣ እግዜር ይስጠው። አቧራ እንዳይገባባት ብሎ በነፃ።»

ባለጆሮው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሙያውን ያስተማረው ሰው ያሳየው እንዲያ ነበር። የድሮዎቹ ሞተሮች ፊልትሮ ዘይት ውስጥ ይነከር ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ልማዱ እጁ ላይ ቀረ። መኪናዋ መታነቅ የጀመረችው እሱ ዘይቱን ከቀባ በኋላ እንደሆነ፣ ዘይቱም ከአየሩ ጋር ተስቦ ሽቦው ላይ እንደተጋገረ ገባው። በሽተኛዋን ድንጋይ ላይ ያስቀመጣቸው የእሱ ደግነት ነበር።

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለ ቀስ ብሎ።

«ድምፁ ያኔውኑ ሳይለወጥ አይቀርም እኮ፣ አጎቴ። አልሰሙትም?»

«አልሰማሁም። ስትገቢም ስትጠሪኝ አልሰማሁሽም፣ አይደል?» እጆቹን አየ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የራሴን ሸሽጌ የሰው መኪና ሳክም ነበር።»

ዝናቡ ሲያባራ ከመለዋወጫ ሱቅ የሴንሰር ማጽጃ ስፕሬይና ደረቅ ፊልትሮ ይዛ ተመለሰች። ሽቦውን ሳትነካ ረጨችው፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ ገጠመችው። ካልዳነ ሴንሰሩ ብቻ እንደሚቀየር አስቀድማ ተናገረች። ሞተሩ ሲነሳ ባለጆሮው መዳፉን ሽፋኑ ላይ አሳረፈ።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ድምፁ እንዴት ነው?»

«ለስላሳ ነው። አይታነቅም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቴስተሩ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ሳይለካ የሚወርድ ሞተር ቀረ፤ ያለጥፋቱ የሚቀየር ዕቃም ቀረ። ሥራው ቀለለ፣ ደንበኛው በእግሩ መሄዱን ተወ። ልጅቱም ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፤ እሱ የእጁን ልምድ ይሰጣታል፣ እሷ ጆሮዋን ታውሰዋለች።

ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን፣ መኪናዋ በተሠራች በማግስቱ ጠዋት፣ ባለጆሮው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። የመምህሩ መኪና ስታልፍ በሽተኛዋ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ታዩት። የእሳቸውን በሽታ የሚያቃና ስፕሬይ የለም። መኪናዋ ዳገቱን ያለ ድምፅ ወጣች፤ ለእሱ ያለ ድምፅ። ጫፍ ላይ ደርሳ እስክትሰወር ድረስ፣ ጠፍታ እንዳትቆም እየፈራ፣ በዓይኑ ብቻ ሸኛት።