ቀይ ቀለም ለአባት አርባ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው የጭነት መኪና ላይ አንዲት ሴትዮና የወንድማቸው ልጅ ከፊቴ ተቀምጠው ይሟገታሉ። ልጁ የቀለም ቆርቆሮ ታቅፏል።

«እስቲ ክፈተው ልየው። ቀይ! የአባትህ አርባ ሳይወጣ ያቺን የሱን አውቶሞቢል ቀይ ልትቀባት?»

«አዎ እትዬ። ለአርባው ለቅሶ ትወጣለች።»

«ከል በለበሰ ሰው መሀል? ሠርግ መሰለህ? የሰፈራችን የኤረር በር ሰው ምን ይለናል? ጥቁር ቀባት!»

«ጥቁር አልቀባትም።»

«ድሮም አባትህ በቅሎውን ሸጦ ለሩጫ የተሠራች፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ መኪና ሲገዛ አብዷል ብዬ ነበር። አንተም የሱው ልጅ!»

«በቅሎዋ ብትኖር ለለቅሶው አትወጣም ነበር?»

«ትወጣለች እንጂ! የሟች በቅሎ ያልወጣችበት ምን ለቅሶ አለ?»

«ጥቁር አልብሳችሁ?»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«አያቴ የሞቱ ጊዜ በቅሏቸውን ያስጌጡት እርስዎ ነዎት አሉ። ምን አለበሷት?»

«ቀዩን የኮርቻ ልብሷን፣ ግላሷን ነዋ! ከነ ብር ጌጧ። አባቴ እንደ ተራ ሰው ይሸኝ ኖሯል?»

«እንግዲህ የአባቴ በቅሎ ይቺ ናት።»

«አንተ ሞጋች! ብቻ ማዶ ሐኪም ተራራ ድረስ የሚሰማውን የመኪናዋን ጡሩምባ ለቅሶ መሀል ብትነፋ አልምርህም።»

«አልነፋም እትዬ።»

እኔም የለበስኩትን ከል ጫፍ ሰብስቤ፣ ቆርቆሮው እንዳይደፋ ከእግሬ ሥር እንዲያስቀምጠው ቦታ ለቀቅሁለት።