«የማን ደጅ እንሂድ?»

ዳባት ላይ አንድ መምህር ጓደኛችንን ቀብረን በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ስንመለስ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ አድማሱ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስለ ሟቹ ሲያወሩኝ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም አይቼህ አላውቅም። ጴንጤ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ እነሱም ጋ አልሄድም» አልኳቸው። «ክርስቲያን ነኝ። ወንጌል አነባለሁ፣ ቤቴ እጸልያለሁ፤ በቃ።»

ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ምን መሰለህ፣ ድንኳኑን እኛ እንጥላለን፤ ለቅሶም እንቀመጣለን። አስከሬንህን ይዘን ግን የማን ደጅ እንሂድ? ደብሩ የንስሐ አባቱ ማነው ይለናል። እነዚያም አባላችን አይደለም ይሉናል» አሉ።

ስለ እምነቴ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬ አውቃለሁ፤ የት እንደምቀበር የጠየቀኝ ግን አልነበረም። «እስቲ አስብበታለሁ» አልኩ።

«አስብበት» አሉ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ፤ «እስከዚያው ዕድሜ ይስጥህ።»

ቤት ገብቼ እንደ ወትሮው ጸለይኩ። ስጨርስ «አሜን» ያልኩት እኔው ብቻ ነበርኩ፤ ይህን ያስተዋልኩት የዚያን ቀን ነው።