ምራት አላስገባ ያለው ውሻ

ውሻ ማሰልጠን እንጀራዬ ነው። ደሴ፣ ሆጤ የሚኖሩት እትዬ የሺ «ልጄ፣ ውሻዬ ምራቴን አላስገባ ብሎኛል» ብለው ጠሩኝ። ምራታቸው መዲና በቅርቡ ከኮምቦልቻ ተድራ የመጣች ናት። እውነትም የግቢውን በር አልፋ ስትገባ ውሻው ጥርሱን አሳያት። እትዬ የሺ አጠገቡ ቆመዋል። ፊታቸውን አየሁና «እስቲ እርስዎ ጓዳ ይግቡ» አልኳቸው። መዲና ወጥታ እንደገና ስትገባ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ሄዶ እግሯ ስር ተኛ።

እትዬ የሺ በመስኮት ሲያዩ ኖሮ ወጡ። «ምን አድርገኸው ነው?»

«ምንም። እርስዎ ፊትዎን ሲያጠቁሩባት እያየ ነው የሚቆጣት» አልኩ፣ እንደሚያባርሩኝ እያወቅሁ።

እሳቸው ግን ውሻውን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ። በመጨረሻ እንደምንም ፈገግ ብለው፣ «ነይ ወደ ቤት ግቢ ልጄ፤ ይኸ ነገረኛ ውሻ እያየኝ ነው» አሏት።