አንድ እርምጃ ጠጋ

የቀን ፈረቃ ሠራተኞች ሲበተኑ ሽማግሌው አቅላጭ በብረት ፋብሪካው በር ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከብረት ማቅለጫው ምድጃ አፍ ቆመው፣ በረጅም ዘንግ ከቀለጠው ብረት ናሙና ቀድተዋል። ሙቀቱን በቀለሙ ስለሚያውቁ «ዐይናማው» ይሏቸዋል። ሰኞ ጡረታ ይወጣሉ፤ ዘንጉን የሚረከባቸው የገዛ ልጃቸው ነው።

የጎረቤታቸው ልጅ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። የፋብሪካው መሐንዲስ ናት፤ ናሙናውን ሮቦት ይቅዳ ብላ ያመለከተችውም እሷው።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«እንዳየሽኝ ነኝ። ያ ቆርቆሮሽ መቼ ይመጣል?»

«እርስዎ ከፈረሙ በወሩ። የምድጃው ኃላፊ ካልተስማማ አይተከልም ተብሏል።»

«እንግዲያው አይመጣማ» አሉ በድካም። «አቅላጭ ማለት እሳት ፊት የሚቆም ሰው ነው። ልጄ እጁን አጣምሮ ማሽን ሲጠብቅ ይዋል?»

«ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ይዘዘው። እርጥብ ውዳቂ ብረት ገብቶ ምድጃው የቀለጠ ብረት ሲተፋ፣ የሮቦቱ ክንድ ቢቃጠል ሌላ እንገጥምለታለን።»

«እኔ ይኸው አለሁ አይደል?»

«እርስዎማ አሉ። አብረውዎት የቆሙትስ?»

ሽማግሌው ወደ መንገዱ ዞሩ። አውቶቡስ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ።

«ጋሼ፣ የእኛ ነበር እኮ። ሰባት ቁጥር።»

«ሞልቷል ብዬ ነው።»

«ባዶ ነበር።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ሞያ ብለን የምንኮራበት ነገር አንዳንዴ የለመድነው ጉዳት ነው፤ እሳቸው ይህን ለራሳቸው እንኳ ነግረው አያውቁም።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቀለሙ አይታየኝም። ጠጋ ብዬ በጉንጬ ነው የምለካው።»

«የዐይን ሞራ ነው፤ ከምድጃው ብርሃን የመጣ ይሆናል። ይታከማል።» ትንሽ አመነታች። «የልጅዎም ግራ ጉንጭ መክሰል ጀምሯል። አላዩም?»

አላዩም። አንድ እርምጃ ጠጋ በል እያሉ ያስተማሩት ግን ራሳቸው ናቸው። ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ።

«ወረቀቱን ይዘሽዋል?»

አወጣችላቸው።

«የቱ ጋ ነው?»

ጣታቸውን ይዛ መስመሩ ላይ አኖረችላቸው። ፈረሙ።

«ማሽኑ እስኪመጣ» አሉ፣ «ከነገ ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲል እነግረዋለሁ። ምክንያቱንም ጭምር።»

የሮቦቱ ክንድ ከተተከለ ዓመት አለፈው። ምድጃው ሁለት ጊዜ ተፍቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የተቃጠለው ብረት እንጂ ሰው አይደለም። ከአቅላጮቹ አንድም የተባረረ የለም፤ ገሚሱ ክንዱን ያዛል፣ ገሚሱ መጠገን ተምሯል። ናሙናውም በሰዓቱ ስለሚወጣ ተበላሽቶ ዳግም የሚቀልጥ ብረት ቀንሷል።

ሽማግሌው ታክመው የአውቶቡሱን ቁጥር ከሩቅ ያነባሉ። ማታ ማታ ሰፈራቸው ያለው ፌርማታ ላይ ይጠብቃሉ፤ ልጃቸው ከአውቶቡስ ሲወርድ ሰላም ከማለታቸው በፊት ግራ ጉንጩን ወደ ብርሃን አዙረው ያያሉ።