የደሴው ቅጂ

ጋሽ ሰይድን መንገድ ላይ ሳይ ባጃጅ ተከልዬ የማልፈው ለምን መሰላችሁ? ሐይቅ ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ተበላሸና፣ ደሴ ያለ ባለሙያ ዲስኩን እንዳለ በአንድ ፋይል ገልብጦ ላከልን። እኔም አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌውን አስመስሎ የሚነሳ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁ። ባስነሳው ባስነሳው «የሚነሳበት ዲስክ የለም» ይላል። «ቅጂው ተበላሽቷል» አልኩ አፌን ሞልቼ። የሪከርድ ክፍሉ ጋሽ ሰይድ ሌላ ቅጂ ሊያመጡ ደሴ ሄዱ። ያም እምቢ ሲል መልሼ ላክኋቸው፤ ያውም በረመዳን፣ በጾም አፋቸው።

ሦስተኛውን ይዘው ሲመጡ ከንፈራቸው ደርቋል። መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን እያሳዩ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ዲስክ ከሚለው ጎን ‹ባዶ› ይላል፤ ምንድነው?» አሉኝ። ለካ ፋይሉን ከማሽኑ ጋር ጨርሶ አላገናኘሁትም! ቶሎ ብዬ አገናኘሁት፤ ወዲያው ተነሳ።

«የፊተኞቹ የተበላሹ ነበሩ ማለት ነው?» አሉ ደስ ብሏቸው።

«አዎ» አልኩ።

«አብሽር! እኔም ያንን ባለሙያ፣ ‹ሥራህን ሳትችል ሰው አታንከራት› ብዬ ሰው ፊት ልክ ልኩን ነግሬልሃለሁ።»