የመሪጌታ ወረንጦ

አምባራስ መንደር ለማስተማር ተመድቤ፣ ደባርቅ መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ወደዚያው የሚሄዱ አንድ ጠምጣሚ ሽማግሌ ተቀምጠው፣ ከማተባቸው ላይ ባንጠለጠሉት ወረንጦ የዓይናቸውን ሽፋሽፍት ይነቅላሉ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ በዚያው ጫፍ ጭናቸው ላይ ያለችውን የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን፣ የሃናን ዓይን ይጠርጉላታል። እኔ አፌ አያርፍም፤ ልናገር ስል አንዲት ወጣት ቀደመችኝ።

«እንዴት ዋሉ፣ የኔታ? ሠርካለም እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ዓይንዎን ምን ሆኑ?»

«ደኅና ነኝ፣ ልጄ። መሪጌታ መልከ ጼዴቅ እባላለሁ። ፀጉር እየገባ ይወጋኛል፤ ስነቅለው ያርፍልኛል።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሳምንት ቢሆን ነው።»

«የታጨደ ሣር ጉቶው ይወጋ የለም እንዴ? ይሄም ተመልሶ ሲበቅል ብሌንዎን ይፍቃል። በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል እኮ።»

«በስመ ሥላሴ! ዓይኔን በምላጭ? ከተነካ ይፈሳል!»

«ዓይኑን ማን ነካው፣ የኔታ? ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይን ቆብ ነው የሚያቀኑት።»

«ደግሞስ ምን ጎደለኝ? ይኸው አነባለሁ!» አሉና ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ገለጡ። የመጀመሪያውን መዝሙር አንዲት ፊደል ሳይስቱ አወረዱት።

እኔም በልጅነቴ ዳዊት ደግሜአለሁና አንገቴን አስግጌ አየሁ። ክው አልሁ። የገለጡት የመጽሐፉን መጨረሻ ነው።

«የኔታ፣ ገጹ እኮ...» አልሁ፤ ወዲያው ምላሴን በቆረጠው!

ሽማግሌው መጽሐፉን ቀስ ብለው አጠፉት። «ፊደል ካየሁ አምስት ዓመቴ ነው። ሰው እንዳያውቅብኝ እየገለጥሁ በቃሌ እላለሁ። ፈራሁ፣ ልጆቼ። አገራችን ገደል ነው፤ ዓይን የሌለው ሰው የት ይረግጣል?»

ሠርካለም በሃይላንድ ውሃ እጇን በሳሙና ታጠበችና የሃናን ዓይን እንድታይ አስፈቀደች። የላይኛውን ቆብ ገለበጠችው። ውስጡ ቀልቶ ነጫጭ ፍሬ አውጥቷል።

«ትራኮማ ነው። የእርስዎም በልጅነትዎ እንዲህ ነው የጀመረ። በዝንብ፣ በእጅ፣ በጨርቅ ከዓይን ወደ ዓይን ይሄዳል።»

«በጨርቅ?» ጋቢያቸውን አዩት። ጫፉን ከሃና ፊት አራቁት። «እኔ ነኝ ያስያዝኋት?»

«ማን እንዳስያዛት አይታወቅም። ከእንግዲህ ግን በዚህ አይጥረጉላት።»

«ውሃው ሩቅ ነው፣ ልጄ። ለመጠጡም አልበቃን።»

«ፊት ለማጠብ አንድ ጣሳ ይበቃል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ለየራሳችሁ ማበሻ ጨርቅ ይኑራችሁ። ሽንት ቤት ቆፍሩ፤ እበቱን ከደጅ አርቁ፤ ዝንቡ ይቀንሳል።»

«ሃና ትድናለች?»

«መድኃኒቱን ከወሰደች፣ ፊቷም በየቀኑ ከታጠበ፣ ትድናለች።»

«እኔስ?»

ሠርካለም አልዋሸቻቸውም። «ቀዶ ሕክምናው የጠፋውን አይመልሰውም፣ የኔታ። የቀረዎትን ግን ያተርፋል።»

መኪናው ሞልቶ ረዳቱ ይጮኻል። መሪጌታ ተነሡና የሃናን እጅ ያዙ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ አዞሩ። «እሄዳለሁ፤ ሳልፈራ እንዳይመስላችሁ» አሉ። እኔም ማን ጥሏቸው ይሄዳል፤ መኪናው አመለጠኝ።

ሃና መድኃኒቷን ወሰደች፤ እሳቸውም የሁለቱም ዓይኖቻቸው ቆብ ተቀናላቸው። በዚያው ወር አንድ እሑድ፣ አምባራስ ላይ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሙ። «መጽሐፍ ገልጬ ስደግምላችሁ የማነብ መስሏችኋል። አላይም ነበር። አፍሬ ስደብቅ ብሌኔ አለቀ። ከነገ ጀምሮ ፊቱን ሳይታጠብ ለትምህርት የሚመጣ ተማሪ አላስተምርም!»

ንጹሕ ፊት ዝንብ አይጠራም፤ በጊዜ የታከመ ሕፃን አድጎ በወረንጦ አይሠቃይም፤ ዓይኑ የዳነ ገበሬ ገደሉን ያለ መሪ ያልፈዋል። ይህን እኔ ክፍል ውስጥ ስንቴ ለፍልፌዋለሁ መሰላችሁ፤ ማን ሰምቶኝ! የዚያን ዕለት ግን ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ።

አረጋሽ የምትባል የአራት ልጆች እናት ብቻ አጉረመረመች። «የኔታ፣ ውሃ ከየት ይምጣ?»

«እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር» አሏት። «ነይ፣ ዓይኔን እዪው።»

ቀርባ አየችው። በብሌናቸው ላይ ያለውን ነጭ ጠባሳ ትክ ብላ ስታይ ቆየች። ከዚያ አራቱንም ልጆቿን ይዛ ወደ ወንዝ ወረደች።