ከሕያዋን ጋር

ከፋሲሎ ሰፈር ወደ ሐይቁ ዳር በሚሄድ ታክሲ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር አንዲት ወጣትና አንድ አረጋዊ ቄስ ተቀምጠዋል። ቄሱ ጉልበቷ ላይ የተከፈተውን ላፕቶፕ አዩ።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?»

«ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፣ አባ። ከየአገሩ ሆነን ተባብረን እንሠራዋለን።»

«ይከፍሏችኋል?»

«አይከፍሉንም።»

«እንግዲህ እንደኛው ለነፍሳችሁ ነው በይኛ።»

ሳቀች። «ለእንጀራም ነው። ቀጣሪዎች የሠራነውን አይተው ነው የሚወስዱን። አሁን ደግሞ አብረውኝ የሚሠሩት ማን ምን እንደሚሠራ እያከፋፈልሽ ምሪን ብለውኛል።»

«እሰይ። ታዲያ ምነው ከፋሽ?»

«የሚመራው ሌላ ሰው ነበር። ስህተቴን እያረመ ያስተማረኝ እሱ ነው። እዚህ ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመ ጊዜ ‹ደህና ነሽ ወይ?› እያለ ይጽፍልኝ ነበር። ሲለቀቅ የጻፈውን ሁሉ አንድ ላይ አገኘሁት። መለስሁለት፤ እሱ ግን ጠፋ።»

«ምን ሆኖ ይሆን?»

«የሚያውቅ የለም። እኔም ድምፁን እንኳ ሰምቼው አላውቅም።»

«ለሰዎቹ ምን አልሻቸው?»

«ትንሽ ጠብቁኝ አልኋቸው። ዛሬ ቁርጡን ንገሪን ብለዋል። እሺ ካልሁ የሱ ስም ወጥቶ የኔ ይገባል።»

«እስኪ ስሙን ንገሪኝ፤ በጸሎት ላስበው።»

ነገረቻቸው።

«ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን?»

ታክሲው ሰው አውርዶ ተነሣ።

«ከሕያዋን ጋር፣ አባ። ሥራውንም እሺ ብዬ እይዝለታለሁ። ሲመጣ ይረከበኛል።»

ዘንድሮ የቀበርሁትን ባለቤቴን በክርስትና ስሙ ልጠራ አፌን ከፍቼ፣ ‹ከሙታን ጋር› ማለት ቢከብደኝ መልሼ ዘጋሁት።